ዲናሞን በድምፅ ማስነሳት፦ የስልክ ድምፅ ረዳትን ከቤት ሰርቨር ጋር የሚያገናኙ 5 መንገዶች ሲነጻጸሩ

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ አያት ጀርባም ይሁን ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ፣ ግቢው የሚተዳደረው በአንድ ዲናሞ ነው። ውኃው ሌሊት መጥቶ መሬት ላይ ያለውን ታንከር ይሞላል። ጠዋት አንድ ሰው ወጥቶ ዲናሞውን ያስነሳል። ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ በጣሪያው ሲወርድ ደግሞ ጎረቤት በአጥር ይጣራል። «ይህን ለስልኬ ብነግረውስ?» ብሎ የተነሳ ሰው የሚያገኘው ምክር የተምታታ ነው። አንዱ ስማርት ሶኬት ግዛ ይላል፣ ሌላው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር፤ ሦስተኛው ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ «ሲሪ (የአይፎን የድምፅ ረዳት) የምትልከውን መሃል ላይ የሚጠልፍ ፕሮክሲ ሰርቨር ሥራ» ይላል።

እዚህ የሚነጻጸሩት አምስት መንገዶች መድረሻቸው አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሰርቨር (ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒውተር) ከስልኩ ትዕዛዝ ይቀበልና ለዲናሞው ሪሌ፣ ማለትም በትዕዛዝ ለሚበራና ለሚጠፋ ማብሪያ፣ ያስተላልፋል። የሚለያዩት ድምፁ ወደ ሰርቨሩ በየት በር እንደሚገባ ነው። በሩን ራሱ ስልኩ የከፈተው ከሆነ ነገሩ ለዓመታት ይሠራል። ሰብረው የገቡበት ከሆነ ግን የሚቆየው እስከሚቀጥለው አፕዴት ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አማርኛ ይሰማል ወይ? ሲሪ አማርኛ አታውቅም፤ የተለመደው ጎግል አሲስታንትም በቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ የለውም። የጎግል የድምፅ መጻፊያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጂቦርድ ሰሌዳ ላይ ያለችው ማይክሮፎን ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 2017 ጀምሮ አማርኛ ትጽፋለች። ረዳቱና መጻፊያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልለየ ሰው «አማርኛ አይቻልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይቀራል? ዲናሞውም ሰርቨሩም ስልኩም አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ውጭ አገር ያለ ኮምፒውተር ካልመለሰ ሁሉም የሚቆም ከሆነ፣ በእጅ የሚበራ ማብሪያ ይሻላል።

ከቤት ውጭ ሆኖ መድረስ ይቻላል? በሲም የሚሠራ የቤት ዋይፋይ፣ እንደ ብዙዎቹ የሞባይል ኔትወርኮች ሁሉ፣ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም። አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚከፋፈል ራውተሩ ላይ «ፖርት» (ከውጭ የሚገባበት በር) መክፈት ዋጋ የለውም። ቢቻልም አይመከርም፤ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ የዲናሞ ማብሪያ ማለት ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? በከተማዋ ዳር ለሚኖር ሰው ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይኼ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ይነሳል? አድራሻው ያው ይሆናል? ዲናሞውስ ማንም ሳያዘው ይነሳ ይሆን?

የመጨረሻው፣ ሠሪው ቤት በሌለበት ቀን ሌላው ቤተሰብ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ነው። እናት «አልሰማ አለኝ» ብለው ስልኩን ካስቀመጡት ሥራው ከሽፏል።

## 1. መሃል ገብ ፕሮክሲ

ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዛሬም ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሲሪ ከአይፎን 4ኤስ ጋር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ወጣች። በኖቬምበር ሲሪፕሮክሲ የተባለ፣ በሩቢ የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ተለቀቀ። ብልሃቱ አራት ክፍል ነበረው። አንደኛ፣ በቤት ኔትወርክ ላይ ያለ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር) አገልጋይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲኤንኤስማስክ፣ ስልኩ የአፕልን አድራሻ ሲጠይቅ የቤቱን ኮምፒውተር አድራሻ ይመልስለታል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ በአፕል ስም ራሱ የፈረመውን ሰርቲፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ያቀርባል። ሦስተኛ፣ ያንን ፊርማ እንዲያምን የፈራሚው ሰርቲፊኬት ስልኩ ላይ ይጫናል። አራተኛ፣ ፕሮክሲው ሁሉንም ወደ አፕል ያሳልፍና ተመልሶ የሚመጣውን ጽሑፍ ያነባል። የሚያውቀው ቃል ካገኘ የአፕልን መልስ አግቶ የራሱን ያስገባል።

ልብ ይበሉ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ያኔም አፕል ነበር፤ ፕሮክሲው የሚያዳምጠው ውጤቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ አማርኛ ያኔም አልነበረም፤ በ2011 ሲሪ የምትሰማው እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነበር።

ዛሬ የማይሠራበት ምክንያት ሁለት ነው። በኋላ የወጡት የአይኦኤስ ስሪቶች ለሲሪ ግንኙነት አፕል ራሱ ያላወቀውን ሰርቲፊኬት አይቀበሉም፣ ተጠቃሚው ቢያምነውም። በተጨማሪ ከአይኦኤስ 15 ወዲህ ኤ12 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ላይ ብዙ ንግግር እዚያው ስልኩ ውስጥ ይተረጎማል። በመንገድ የማያልፍ ነገር አይጠለፍም።

አደጋውም ቀላል አይደለም። ስልኩ ላይ የተጫነው የፈራሚ ሰርቲፊኬት ሚስጥራዊ ቁልፍ በእጁ የገባ ሰው ስልኩን ስለ ብዙ ድረ ገጾች ማታለል ይችላል። በሙከራ ጊዜ የጫኑት ካለ አሁኑኑ ያጥፉት፦ ሰቲንግስ፣ ጀነራል፣ ከዚያ ቪፒኤንና የመሣሪያ አስተዳደር በሚለው ውስጥ ይገኛል። ይህን መንገድ ለማንም አንመክርም፣ ለትምህርት ካልሆነ በስተቀር።

## 2. የአይፎን ሾርትከትስ

አፕል በሩን ራሱ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2018 በአይኦኤስ 12 ነው። ሾርትከትስ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ «ጌት ኮንቴንትስ ኦፍ ዩአርኤል» የሚል ተግባር አለ፤ ወደ ፈለጉት ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። አሠራሩ አጭር ነው፦

- አዲስ ሾርትከት ይክፈቱና ያንን ተግባር ያስገቡ። አድራሻው የሰርቨሩ የቤት አድራሻና የፖርት ቁጥሩ ይሆናል።
- የመላኪያውን ዓይነት ፖስት (POST) ያድርጉት። በሄደሩ (ከጥያቄው ጋር በሚሄደው ራስጌ) ላይ ቢያንስ 32 ፊደል ያለው የዘፈቀደ ቁልፍ ይጨምሩ። ሰርቨሩ ያለዚያ ቁልፍ የመጣውን ሁሉ ይጥላል።
- ቀጥሎ «ፕሌይ ሳውንድ» የሚለውን ያስከትሉ። ሰርቨሩ የሚመልሰው የድምፅ ፋይል ይሁን።
- ለሾርትከቱ ስም ይስጡት። ስሙ ራሱ ለሲሪ የሚነገረው ትዕዛዝ ይሆናል።

ስሙ ላይ ጥቂት ያስቡ። ሲሪ የምትሰማው በእንግሊዝኛ ነውና «ውኃ» ቢሏት ያላሰቡትን ቃል ትጽፋለች። «ዲናሞ» ግን እድለኛ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛም አለ፣ «ዳይናሞ» ብለው ከጠሩት ሳትሳሳት ትይዘዋለች። «ተርን ኦን» ብሎ የሚጀምር ስም አይስጡ፤ የቤት ዕቃ ትዕዛዝ መስሏት ሆም መተግበሪያ ውስጥ ልትፈልግ ትችላለች። «ዳይናሞ ስታርት» ይበቃል።

የድምፅ ፋይሉ ነገር አማርኛን በጓሮ በር ያስገባል። «ዲናሞው ተነስቷል»፣ «ታችኛው ታንከር ባዶ ነው»፣ «ሮቶው ሞልቷል»፣ «አልቻልኩም፣ ወርዳችሁ እዩት» የሚሉ አሥር ያህል ዓረፍተ ነገሮችን በቤት ሰው ድምፅ ቀድተው ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ። ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መልሱ በሚያውቁት ድምፅ ይመጣል፤ ከየትኛውም የማሽን ድምፅ ይሻላል።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ሲጠቀሙ ስልኩ «የቤት ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ይድረስ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም አይሠራለትም። ስልኩ ከዋይፋይ ወጥቶ በዳታ ከሆነ የቤት አድራሻውን አያገኘውም። ሾርትከቱን ለዘመድ ሲያጋሩ ደግሞ ሚስጥራዊ ቁልፉ አብሮ ይሄዳል። ሰርቨሩ ሥራውን እስኪጨርስ ስልኩን ማስጠበቅም አያዋጣም፤ ሪሌው እንደተነካ ወዲያው ይመልስ፣ ሌላውን በኋላ ይሥራ።

## 3. የሆምኪት ድልድይ

ሆምብሪጅ ወይም ሆም አሲስታንት የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ማንኛውንም ርካሽ ሪሌ ወክለው ለአይፎኑ «እኔ የሆምኪት (የአፕል የቤት ዕቃ ማስተዳደሪያ) ዕቃ ነኝ» ይሉታል። ስምንት አሃዝ ኮድ ወይም ኪውአር ይነበባል፣ ዲናሞው ሆም መተግበሪያ ላይ ይታያል፣ ሲሪም ትዕዛዝ ስትሰማ ታገኘዋለች። ሾርትከት አንድ በአንድ መሥራት አያስፈልግም፤ ብዙ ዕቃ ላለው ቤት ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ከቤት ውጭ ሆኖ ለማዘዝ ቤት ውስጥ አፕል ቲቪ ወይም ሆምፖድ መኖር አለበት። ለአንድ ዲናሞ ይህን ያህል ማውጣት ከዲናሞው መብለጥ ነው። የተለመደው ብልሽት «ኖ ሪስፖንስ» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ስልኩ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ወይም ራውተሩ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚከለክል ቅንብር በርቶበት ነው። አማርኛ የለም፣ አንድሮይድ የያዘ ቤተሰብም አይጠቀምበትም።

## 4. አንድሮይድ፦ ታስከር ወይም አውቶሜት

አማርኛ በእውነት የሚገባበት በር ይኼ ነው። ታስከርና አውቶሜት ስልኩ ተከታታይ ሥራዎችን በራሱ እንዲፈጽም የሚያደርጉ መተግበሪያዎች ናቸው። ታስከር የሚከፈልበት ነው፤ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ይፈልጋል። አውቶሜት እስከ 30 ብሎክ (የሥራ ደረጃ) በነፃ ያሠራል፤ ለዚህ ሥራ ከስድስት ብሎክ አያልፍም። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ማስነሻ ቁልፍ፣ የንግግር መለያ ብሎክ ቋንቋው አማርኛ ኢትዮጵያ ሆኖ፣ የተገኘውን ጽሑፍ ወደ ሰርቨሩ የሚልክ ብሎክ፣ መልሱን የሚያሳይ ብሎክ። ታስከር የገዛ ሰው አንድ ጥቅም ይጨምራል፤ ታስከርን የስልኩ ዋና ረዳት አድርጎ ከመረጠው ረዳቱን የሚጠራው ቁልፍ ሲጫን የጎግል ረዳት ቀርቶ የአማርኛው ማዳመጫ ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ራስ ምታት ሁሉ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው እዚህ ጋ የምንቆየው።

አንድ ቃል በብዙ ፊደል ይመጣል። «ውሃ»፣ «ውኃ»፣ «ዉሃ»፣ «ውሀ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር አራት። ሰርቨሩ ጽሑፉን እንደተቀበለ መጀመሪያ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ይመልስ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ ከእነ ሰባት ቤቱ። ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ኣ እና ዓ ወደ አ፤ ዉ ወደ ው። ይህ ሃያ መስመር ያህል ኮድ ነው፤ ያለሱ ግን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም፣ ምክንያቱም አይታወቅም።

ግሱ ደግሞ እንደ ሰሚው ይለዋወጣል። አንዱ «አብራ» ይላል፣ ሌላዋ «አብሪ»፣ ሦስተኛው ለስልክም አክብሮት ሰጥቶ «አብሩልኝ»። ስለዚህ ብዙ ሰው በችኮላ «ብራ» የሚለውን ቁራጭ ይፈልግና ሲያገኝ ያስነሳል። ውጤቱ ይኼ ነው፦ «መብራት መጣ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዲናሞ ያስነሳል፤ «አሁን አታብራ» ያለም ያስነሳል። ትክክሉ ጽሑፉን በክፍት ቦታ ከፍሎ በ«አብራ»፣ «አብሪ»፣ «አብሩ»፣ «አስነሳ»፣ «አስነሺ»፣ «አስነሱ» የሚጀምር ሙሉ ቃል መፈለግ ነው። በ«አታ» ወይም «እንዳታ» የሚጀምር ቃል ከተገኘ ምንም ሳይደረግ ይቁም። ያልገባውን በግምት የሚሠራ ሰርቨር ከማይሠራ ሰርቨር የባሰ ነው።

ሰዓቱ ሌላ ወጥመድ ነው። «ማታ 2 ሰዓት ላይ አብራ» ማለት ለሰርቨሩ 20:00 ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሁን፦ ቁጥሩ 12 ከሆነ መጀመሪያ 0 ያድርጉት። ጠዋት፣ ቀን ወይም ከሰዓት ከተባለ 6 ይደምሩ። ማታ ወይም ሌሊት ከተባለ 18 ይደምሩና 24 ከሞላ 24 ይቀንሱ። በዚህ «ጠዋት 12» 6:00 ይሆናል፣ «ማታ 12» 18:00፣ «ሌሊት 8» 2:00። 12ን ወደ 0 ያልመለሰ ሰው «ማታ 12» ብሎ አዝዞ ዲናሞው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይነሳበታል። በምሽት ተነግሮ «ሌሊት 8» ሲባል ደግሞ የፈረንጁ ቀን ተለውጧልና ቀኑ ላይ 1 መጨመር አይረሳ።

የንግግር መለያው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለዚያ ቀን ሰርቨሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ቁልፍ ብቻ ያላት አንዲት ድረ ገጽ ያስቀምጡና የስልኩ ፊት ገጽ ላይ ይለጥፏት። በቤት ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች። የስልኩ «ኢንተርኔት ከሌለ ወደ ዳታ ተሻገር» የሚለው ቅንብር ግን ይጥፋ፤ አለበለዚያ ስልኩ ዋይፋዩን ጥሎ ይሄድና ገጿ አትከፈትም።

## 5. የቴሌግራም ቦት

ቴሌግራም ከስልኩ የማይጠፋ ቤት ብዙ ስለሆነ ቤተሰቡ ምንም አዲስ ነገር አይማርም። ቦትፋዘር በተባለው የቴሌግራም ቦት መፍጠሪያ ላይ ቦት (መልእክት የሚቀበል የፕሮግራም አካውንት) ይፈጠራል፣ ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ይገባል፣ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ቴሌግራም እየደወለ «መልእክት አለ?» ይላል። ግንኙነቱ ከቤት ወደ ውጭ ስለሚወጣ የጋራ አድራሻው ችግር የለም፤ ቦሌ ሆነው ቱሉ ዲምቱ ያለውን ዲናሞ ያስነሳሉ። በአንድሮይድ በጂቦርድ ማይክሮፎን በአማርኛ ይነገርና ይላካል። ከላይ ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ ስለ ግስና ስለ ሰዓት ያልነው ሁሉ እዚህም ይሠራል።

አራት ነገር ካልተጠነቀቁ ግን ጉዳት ያመጣል።

ቴሌግራም ያልተነሱ መልእክቶችን እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። መብራት ጠፍቶ ሳለ ሦስት ሰው «ዲናሞ አብራ» ብሎ ከላከ፣ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ሦስቱንም ተቀብሎ ማንም ቤት በሌለበት ያስነሳል። መልእክቱ ላይ ያለውን የተላከበትን ሰዓት አሁን ካለው ጋር አነጻጽሮ ከ60 ሰከንድ በላይ ያለፈውን መጣል ግዴታ ነው። ለዚህ የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት፤ ራስፕቤሪ ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የለውም፣ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ሰዓቱን ስለማያውቅ ሰዓቱ ሳይስተካከል ምንም አይቀበል።

ቦቱ ማንን ይሰማል የሚለው በቁጥር መለያ ይወሰን፤ የተጠቃሚ ስም ሊቀየር ይችላል። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ያስገቡት ቦት ደግሞ በመጀመሪያ ቅንብሩ በእዝባር (/) የሚጀምሩ ትዕዛዞችን እንጂ ተራ ንግግር አያይም። ቦትፋዘር ላይ የግላዊነት ቅንብሩን አጥፍተው ቦቱን ከግሩፑ አስወጥተው መልሰው ያስገቡት። በሁለት መሣሪያ ላይ አንድ ቁልፍ ካሠሩ ደግሞ 409 የሚል የግጭት ስህተት እየመለሰ ሁለቱም ይታመማሉ።

የዚህ መንገድ ድካሙ ግልጽ ነው፦ ኢንተርኔት ከሌለ ምንም የለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን የማይከፈትበት ጊዜ እንደነበርም አይረሳም። ስለዚህ ባለ ሁለት ቁልፏ ድረ ገጽ እዚህም ትኑር።

የድምፅ መልእክት ራሱን ልኮ ሰርቨሩ እንዲተረጉመው ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚሉ፦ ዊስፐር የተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ ቀያሪ አማርኛን በዝርዝሩ ይዟል፣ ውጤቱ ግን በጣም ደካማ ነው። ከ1,100 በላይ ቋንቋ የሚሰማው የሜታ ኤምኤምኤስ ይሻላል፤ ሆኖም ትንንሽ ሰርቨር አይሸከመውም። ጂቦርድ በነፃ እየሠራ ይህን ማሳደድ አያስፈልግም።

## ሰርቨሩ በምን ላይ ይሁን?

መልሳችን ብዙዎችን ያስገርማል፦ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ አንድሮይድ። ባትሪው በውስጡ ስላለ መብራት ሲሄድ አይጠፋም፤ ራስፕቤሪ ፓይ ግን ለዚህ ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል። አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚያሠራውን ተርመክስን ኤፍድሮይድ ከተባለው የመተግበሪያ መደብር ይጫኑ፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስገቡ፣ ስልኩ ሲነሳ ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን ተርመክስ ቡት የሚባለውን አጋዡን ይጨምሩ፣ ለተርመክስ የባትሪ ቁጠባውን ያጥፉ፣ እንዳይተኛም የነቃ ቁልፉን (ዌክ ሎክ) ያብሩ። የባትሪ ቁጠባው ካልጠፋ ከሰዓታት በኋላ ስልኩ ራሱ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የተሰካ ባትሪ ያብጣልና በየወሩ ጀርባውን ይዩ፤ ትንሽ ካበጠ ያስወግዱት።

ራስፕቤሪ ፓይ ሆም አሲስታንት ለሚፈልግ ነው። ጠላቱ ድንገተኛ የመብራት መጥፋት ነው፤ ሲጽፍ የተቋረጠበት ሚሞሪ ካርድ ይበላሻል። ካርዱን በኤስኤስዲ ይተኩ ወይም በትንሽ ዩፒኤስ ይደግፉት። አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ከያዘ ጥሩ ነው፣ ብቻ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ይደረግ።

ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም፤ 12 ቮልት የሚያወጣ ሚኒ ዩፒኤስ ለራውተሩ ይግዙ። ራውተሩ ላይም ለሰርቨሩና ለሪሌው ቋሚ አድራሻ ይያዝላቸው። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ መብራት ሄዶ መጥቶ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ብልሽት በአብዛኛው አድራሻው ተቀይሮ ነው። ከውጭ ለመድረስ ሰርቨሩም ስልኩም ላይ ቴልስኬል የተባለውን ቪፒኤን መጫን ይበቃል፤ ስልኩ ላይ ሌላ ቪፒኤን ካለ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም።

## ዲናሞው ጋ ሲደርስ

ከላይ ያለው ሁሉ ቢሳሳት የሚያናድድ ነው፤ ይኼኛው ቢሳሳት ያቃጥላል። የ1 ፈረስ ጉልበት ዲናሞ በ220 ቮልት ሲሠራ ከ5 እስከ 6 አምፒር ይወስዳል። ሲነሳ ግን ለቅጽበት አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጎትታል። «10 አምፒር» የተጻፈበት የዋይፋይ ሪሌ በቁጥር የሚበቃ ይመስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ነጥቦቹ ይጣበቃሉ። ያኔ ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል፣ ዲናሞው ይሠራል።

ስለዚህ ሪሌው የኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ማብሪያ) ኮይል ብቻ ያብራ፤ የዲናሞውን ጉልበት ኮንታክተሩ ይሸከም። ለሞተር ተብሎ 9 ወይም 12 አምፒር የተመደበ፣ ኮይሉ 220 ቮልት የሆነ ይበቃል። ከብሬከሩ የሚነሳው ፌዝ በሪሌው አልፎ፣ ከዚያ በታችኛው ታንከር ፍሎት ስዊች፣ ከዚያ በላይኛው ሮቶ ፍሎት ስዊች አልፎ ወደ ኮይሉ ይግባ። የታችኛው ውኃ ሲያልቅ ይቆርጣል፣ የላይኛው ሲሞላ ይቆርጣል። ሰርቨሩ ቢያብድ እንኳን ደረቅ ዲናሞ አያሽከረክርም፤ ደረቅ የዞረ ዲናሞ ደግሞ ውኃ እንዳያፈስ የሚከላከለውን ክፍሉን (ሲል) ያቃጥላል። ማታ ማታ ቮልቴጅ በሚወርድበት መስመር ላይ ኮንታክተሩ እየዘለለ ይንጫጫል፤ መዘግየት ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ከፊቱ ይግባ። ይህን ክፍል ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ሪሌው ታስሞታ የሚባለውን ሶፍትዌር የሚቀበል ከሆነ ሁለት ትዕዛዝ ይስጡት። ፓወርኦንስቴት (PowerOnState) 0፤ መብራት ሲመጣ ጠፍቶ ይጀምራል። ፐልስታይም (PulseTime) 1300፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ያጠፋል። ቁጥሩ ግራ እንዳያጋባ፣ ከ112 በላይ ያለው በሰከንድ ሆኖ 100 ይደመርበታል፤ 1200 ሰከንድ ሲደመር 100 ነው። ሮቶው በ35 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ 2200 ይሁን።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | አማርኛ | ኢንተርኔት ሲጠፋ | ከቤት ውጭ | ተጨማሪ ወጪ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| መሃል ገብ ፕሮክሲ | የለም | የለም | የለም | ጊዜ | ዛሬ አይሠራም |
| ሾርትከትስ | መልሱ ብቻ | በጣት ሲነካ ይሠራል | በቴልስኬል | የለም | ጥቂት |
| የሆምኪት ድልድይ | የለም | በጣት ሲነካ ይሠራል | አፕል ቲቪ ወይም ሆምፖድ | ብዙ | መካከለኛ |
| ታስከር፣ አውቶሜት | አለ | ድረ ገጿ ብቻ | በቴልስኬል | ከዜሮ እስከ ጥቂት | መካከለኛ |
| ቴሌግራም ቦት | አለ | ድረ ገጿ ብቻ | በቀጥታ | የለም | ጥቂት |

ሪሌው፣ ኮንታክተሩና ሁለቱ ፍሎት ስዊቾች በየትኛውም መንገድ የማይቀሩ ስለሆኑ ሠንጠረዡ ውስጥ አልገቡም። በጀት ካጠረ የሚቀነሰው ከሰርቨሩ እንጂ ከእነሱ አይደለም።

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ቤት ውስጥ የተቀላቀለ ስልክ ካለ፣ አሮጌ አንድሮይድ ላይ የቴሌግራም ቦት። አብዛኛው አንባቢ እዚህ ይገባል፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። አከራይና ተከራይ አንድ ዲናሞ የሚጋሩበት ግቢ ላይም ይኼው ይሻላል፤ ማን መቼ እንዳስነሳ ግሩፑ ላይ ተጽፎ ስለሚቀር የቆጣሪ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ማየት ወይም መጻፍ ለሚቸግራቸው አዛውንት ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ታስከር፤ ቁልፍ ተጭኖ በአማርኛ መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ሁሉም አይፎን በሆነበት ቤት ሾርትከትስ ይበቃል፣ ከቀዱት የአማርኛ መልስ ጋር። መብራቱን፣ የበር ካሜራውንና ኢንቨርተሩን አንድ ላይ ለማስተዳደር የሚያስብና አፕል ቲቪ ያለው ሰው ብቻ ወደ ሆም አሲስታንትና ሆምኪት ይሂድ።

የትኛውንም ይምረጡ፣ ለቤተሰቡ ከማስረከብዎ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፍተው 10 ደቂቃ ይቆዩ። በመሃሉ ከውጭ ሆነው «ዲናሞ አብራ» ብለው ሁለት ጊዜ ይላኩ። ከዚያ ብሬከሩን ያብሩና እጅዎን ሳያስገቡ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ዲናሞው ከተነሳ የድሮ መልእክት መጣያው አልሠራም ወይም ፓወርኦንስቴቱ አልተቀመጠም። ዝም ካለ አንድ ጊዜ እንደገና ይዘዙት፤ አሁን መነሳት አለበት።